በቀዝቃዛው የአዲስ አበባ ዳርቻ ተንጠልጣይ የቤት ሐረጎችን በቁራጭ ማራባት

ፖቶስ በዘር አይራባም። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ በወርቃማ ቀለም የተዥጎረጎረው፣ በየሳሎኑ ከመደርደሪያ ላይ የሚወርደው ይህ ሐረግ በቤት ውስጥ አበባ አያወጣም። ምክንያቱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ደርሰውበታል፤ ተክሉ ለማበብ የሚያስፈልገውን ጂበረሊን የተባለ ሆርሞን የሚያመርትበት ዘረመል ተጓድሎበታል። ያለ ሰው እገዛ ሲያብብ ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እንግዲህ በፓስፊክ ውቅያኖስ ካለችው የትውልድ ቦታው ከሞኦሬአ ደሴት ተነሥቶ እስከ ሰበታና ለገጣፎ ድረስ የዘለቀው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ቁራጭ ከቁራጭ እየበቀለ ነው።

ይህን ያህል በመቆረጥ የሚኖር ተክል ከሆነ፣ ታዲያ በየሰፈሩ «እኔ እጅ ላይ አይጸድቅም» የሚለው ሰው ለምን በዛ? ቁራጩ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ሳምንት ይጠበቃል፣ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል፤ ሥሩ ሳይመጣ ጫፉ ይጠቁርና ይሸታል። በእኔ እምነት የአብዛኛው ውድቀት መንስኤ ቅዝቃዜ ነው። በየቦታው የሚገኙት መመሪያዎች የተጻፉት ሌሊቱን ጭምር ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሚሞቅ ቤት ነው። የእኛ ቤቶች እንደዚያ አይደሉም። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የሱሉልታ ሜዳ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ የእንጦጦ ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አቃቂ ላይ በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣ ቁራጭ ሱሉልታ ላይ ወር ቢፈጅ ሊያስገርም አይገባም። አብዛኞቹ ተንጠልጣይ ሐረጎች የሞቃት ደን ተወላጆች ናቸው። ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሥራቸው ይፈጥናል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ሊቆም ምንም አይቀረውም። ሥሩ በቆመበት ጊዜ ግን መበስበስ አይቆምም። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይህን ልዩነት ለማካካስ የተጻፈ ነው።

ወቅቱን መምረጥ

ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ለዘብ ይላል፣ ብርሃኑ በቂ ነው። ሁለተኛው ዕድል ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው፤ ፀሐይዋ ተመልሳለች፣ አየሩም ገና እንደ በጋው አልደረቀም። ይህ ጊዜ ግን አጭር ነው። በመስቀል ማግሥት የተቆረጠ ሐረግ ኅዳር ሳይብት ሥር መያዝ አለበት፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጥር ድረስ በሜዳው ላይ አመዳይ የሚጥልባቸው ሌሊቶች ይመጣሉ።

ብዙ ሰው የሚቆርጠው ግን በክረምት ነው። ችግኝ በክረምት ይተከላል የሚለው ልማድ ለጓሮ ዛፍ እውነት ነው፤ ዛፍ የሚጠብቀው ዝናብ ነውና። የቤት ሐረግ ዝናቡ አይደርሰውም፤ የሚደርሰው ደመናው፣ ብርዱና ግድግዳው ውስጥ የገባው እርጥበት ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሐረግ መቁረጥ ግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከመደርደሪያ ወድቆ የተሰበረ ተክል ለማትረፍ፣ ወደፊት የማነሣውን የማሞቂያ ዘዴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጠቀሙ።

እናት ተክሉ

ቁራጭ የሚወሰድበት ተክል ጤነኛ ይሁን። ከመቁረጥ አንድ ቀን በፊት በደንብ ያጠጡት፤ ውሃ የጠገበ ግንድ ሥር እስኪያወጣ ድረስ የሚቆይበት ስንቅ ይኖረዋል። የቅጠሉን ጀርባና የአንጓዎቹን ሥር በብርሃን ይመርምሩ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ተባይ ነው፤ ቀጭን ድር ካለ ደግሞ በዓይን በጭንቅ የምትታይ ቀይ ሸረሪት አለች ማለት ነው። እንዲህ ካለ ተክል ቁራጭ መውሰድ ተባዩን ወደ ቤት መጋበዝ ስለሆነ፣ ቢለምኑዎትም ይተዉት።

ሐረግ ለመግዛት የግድ ገበያ መውጣት አያስፈልግም። በዳርቻው ሰፈር ለቡና በተጠራሩበት ቤት ሁሉ በረንዳ ላይ አንድ ተንጠልጣይ ነገር አይጠፋም። ባለቤቷን «እትዬ፣ ይህ ቢገረዝልዎ ይበረታ ነበር፤ ቁራጩን ልውሰድ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የሚባለውም እውነት ነው። የሐረጉ ጫፍ ሲቆረጥ ከጫፉ ወደ ታች የሚወርደው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ታች ተኝተው የነበሩት ዓይኖች ይነቁና ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ሰጪዋ የሚቀርላት የሳሳ ሐረግ ሳይሆን የተንዠረገገ ተክል ነው።

አንጓውን ማወቅ

እዚህ ላይ ዝግ ብለን እንሂድ፤ የሥራው ቁልፍ ይህ ነው።

ሐረጉን በጣትዎ ይዘው ሲዳብሱት በየተወሰነ ርቀት አበጥ ያለ፣ ዙሪያውን ቀለበት ያለበት ቦታ ያገኛሉ። አንጓ ማለት ይህ ነው። ቅጠሉ የሚወጣው ከአንጓው ነው። በቅጠሉ ዘንግና በግንዱ መካከል ባለችው ጉያ ትንሽ ዓይን ተቀምጣለች፤ አዲስ ሐረግ የሚያበቅለው ያ ዓይን ነው። በፖቶስና ፖቶስን በሚመስለው ሐረግ በፊሎዴንድሮን ላይ ከአንጓው በስተጀርባ ቡናማ ጉብታ ይታያል። ይህ ለመውጣት የተዘጋጀ የአየር ሥር ሲሆን፣ በዱር ተክሉ ዛፍ የሚቆናጠጥበት ነው። እርጥበት ሲያገኝ ከሁሉ ቀድሞ የሚረዝመው እሱ ነው።

በሁለት አንጓዎች መካከል ያለው ለስላሳ ግንድ ዓይን የለውም፤ ስለዚህ ብቻውን ተክል አይሆንም። ቅጠል ከነዘንጉ ተገንጥሎ ውሃ ውስጥ ቢገባም እንዲሁ ነው። የፖቶስ ቅጠል አንዳንዴ ከዘንጉ ጫፍ ሥር ያወጣል፣ ለወራትም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ዓይን ስለሌለው ግን ሐረግ ሊሆን አይችልም። «ሥር አውጥቶ ለምን አያድግም?» የሚል ጥያቄ ሲገጥምዎ መጀመሪያ አንጓ መኖሩን ይመልከቱ።

ሌላም ነገር አለ። ግንድ ላይና ታች አለው። ሥር የሚወጣው በእናት ተክሉ በኩል ከነበረው ጫፍ ነው፤ ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ ይደክማል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል። ረጅም ሐረግ ቆራርጠው ሲደረድሩ ቅጠሎቹ ስለሚጠማዘዙ አቅጣጫው በቀላሉ ይጠፋል። ስለዚህ እየቆረጡ የታችኛውን ጫፍ ሁሉ ወደ አንድ ጎን አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ።

አቆራረጥ

የተሳለ መቀስ ወይም አዲስ ምላጭ ይያዙ። የደነዘዘ ቢላዋ ግንዱን ስለሚጨፈልቀው መበስበስ ከዚያ ይጀምራል። ስለቱን በአልኮል ይጥረጉት፤ አልኮል ከሌለ በእሳት ነበልባል ያሳልፉትና ይቀዝቅዝ። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገሩ ይህን ይድገሙት።

ለፖቶስና ለፊሎዴንድሮን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ይበቃል። የታችኛውን ቁርጥ ከአንጓው በታች ግማሽ ወይም አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አስተርፈው ያድርጉት፤ አንጓውን ራሱን አይንኩት። ወደ ውሃ ወይም ወደ አፈር የሚገባውን የታችኛውን ቅጠል ከሥሩ ይቀንጥሱ፤ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል በቀናት ውስጥ ይበሰብሳልና። ላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ይበቃል። ብዙ ቅጠል መተው የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ሥር የሌለው ግንድ ብዙ ቅጠል የሚያወጣውን እርጥበት መተካት አይችልም፤ በተለይ በጋ ላይ፣ አየሩ በደረቀበትና ነፋሱ በበረታበት።

የሐረጉ ጫፍ ቶሎ ያድጋል፤ መካከለኛው ክፍል ግን ለመበስበስ አይቸኩልም። ምርጫ ካለ በብርዱ ወቅት መካከለኛውን እመርጣለሁ። የተዥጎረጎረ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቅጠሉን ብቻ አይዩ፤ ግንዱን ይመልከቱ። ነጩ ወይም ወርቃማው መስመር በአንጓው ላይ የሚያልፍ ከሆነ አዲሱ ቅጠልም እንደዚያው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሙሉ አረንጓዴ ከሆነው ሐረግ የተወሰደ ቁራጭ አረንጓዴ ሆኖ መቅረቱ አይቀርም።

የተቆረጡትን ለአንድ ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ ያቆዩዋቸው፤ ቁስሉ ትንሽ ይደርቃል። የተረፈውን ቅጠልና ግንድ ደጅ አይጣሉት። ፖቶስና ፊሎዴንድሮን አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥል የካልሲየም ኦክሳሌት ስለታማ ቅንጣት በውስጣቸው አለ፤ ግቢ ውስጥ በግ፣ ጥጃ ወይም ውሻ ካለ፣ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ካለ ደግሞ ይልቁንም፣ ቁርጥራጩን ሰብስበው ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩት።

በውሃ ሥር ማስወጣት

ለጀማሪ ይህን እመክራለሁ፤ የሚሆነው ሁሉ በዓይን ይታያል። የጃም ብርጭቆ፣ አፉ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ፣ የተረፈ የመስታወት ጠርሙስ፣ ሁሉም ያገለግላል። ብርሃን የማያሳልፍ ወይም ቡናማ ጠርሙስ ከተገኘ ይሻላል፤ ሥር ጨለማ ይወዳል፣ አረንጓዴ ዝልግልግም አይፈጠርበትም። ዕቃውን በሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁት።

ውሃው ላይ ጥቂት ልቆይ። በዳርቻው ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አብዛኛው ቤት ከሮቶ ወይም ከጀሪካን ነው የሚቀዳው። ይህ በአንድ በኩል ጥሩ ነው፤ ተከፍቶ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ ተንኖለታል። በሌላ በኩል ደጅ ያደረ ሮቶ ጠዋት ላይ በረዶ የመሰለ ውሃ ነው የሚሰጠው። ይህን ቀጥታ ብርጭቆው ውስጥ መጨመር ቁራጩን ለቀናት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ማታ አንድ ጆግ ቀድተው ቤት ውስጥ ያሳድሩ፤ ወይም ትንሽ የሞቀ ውሃ ቀላቅለው ለብ ያድርጉት። የዝናብ ውሃም መልካም ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የቆርቆሮውን አቧራ እስኪያጥቡ ይጠብቁ።

ውሃው የታችኛውን አንድ ወይም ሁለት አንጓ ብቻ ይሸፍን። በየአራትና አምስት ቀኑ ሙሉ በሙሉ ይለውጡት፤ ላዩ ላይ መጨመር ብቻ አይበቃም። ሥር ለማብቀል ኦክስጅን ያስፈልጋል፣ ቆሞ የሰነበተ ውሃ ደግሞ ኦክስጅኑ ያልቃል። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከሸተተ ቀን አይቁጠሩ፤ ወዲያው ይለውጡ። ስኳር፣ ማር ወይም ማዳበሪያ ውሃው ውስጥ መጨመር የሚመክር ሰው አይጠፋም። ስኳርና ማር ባክቴሪያ ይመግባሉ፤ ማዳበሪያ ደግሞ ሥር ለሌለው ግንድ አይጠቅምም። የሥር ማስወጫ ዱቄት ያለው ሰው ግድግዳ ለሚቆናጠጠው ለአይቪና ሰም የመሰለ ወፍራም ቅጠል ላለው ለሆያ ይጠቀምበት፤ ፖቶስና ትራዴስካንሽያ፣ ማለትም ወይን ጠጅና ብርማ መስመር ያለው ፈጣን ሐረግ፣ አያስፈልጋቸውም።

በመጋቢት ሙቀት ትራዴስካንሽያ በሳምንት ውስጥ ሥር ያሳያል። ፖቶስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ፊሎዴንድሮን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት፣ አይቪ ወር ገደማ ይወስዳል። በብርዱ ወራት ይህን እጥፍ አድርገው ያስቡ። ግንዱ ጠንካራና አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ መዘግየት ብቻውን የሞት ምልክት አይደለም።

ከሥር ማሞቅ

ቀን ላይ ክፍሉ 22 ዲግሪ ቢሆን እንኳ የሚወስነው የንጋቱ ነው። ቴርሞሜትር ካለ ቁራጩ አጠገብ ያሳድሩትና ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ያንብቡት። 16 እና ከዚያ በታች ካሳየ ቦታ መለወጥ ያስፈልጋል።

የቤቱ አሠራር ብዙ ይለውጣል። ግድግዳው ወፍራም የሆነ የጭቃ ቤት ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቅ ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይመቻል። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ግን እኩለ ቀን ላይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ለቁራጭ ከሁሉ የከፋው ይህ መዋዠቅ ነው። ብሎኬትና የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት በመካከል ናቸው፤ ወለላቸው ግን ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ብርጭቆውን ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ አያስቀምጡ። ከሥሩ ጣውላ፣ ፎም ወይም የታጠፈ ጨርቅ ያድርጉለት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ብርጭቆውን ከመስኮቱ ያንሡትና ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ያዛውሩት፤ ሌሊት ከቤቱ ሁሉ የሚበርደው የመስኮቱ መስታወት ነው። ጠዋት ይመልሱት። የፍሪጅ ጎን ወይም አናት ለሌሊት ማደሪያ ጥሩ ቦታ ነው፤ ያለማቋረጥ ለብ ይላል። የእንጀራ ምጣድ አጠገብ ማድረግ ግን አልመክርም፤ በሚጋገርበት ዕለት እንፋሎቱና ግለቱ ያጠወልገዋል፣ በሌላው ቀን ደግሞ ምንም ሙቀት የለውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ቦታው ከቀዘቀዘ፣ ርካሹ መፍትሔ ካርቶንና ጀሪካን ነው። ብርጭቆዎቹን ካርቶን ውስጥ ያስገቡ፣ አጠገባቸው ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ እጅ የሚችለውን ያህል የሞቀ ውሃ ሞልተው ያኑሩ፣ ካርቶኑን ከላይ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍኑ። ያን ያህል ውሃ በአንዴ ስለማይቀዘቅዝ እስከ ንጋት ድረስ ሙቀቱን እየሰጠ ያድራል። ጠዋት ካርቶኑን መክፈትና ወደ ብርሃን ማውጣት አይርሱ።

ብርሃን

ቁራጭ ብሩህ ቦታ ይፈልጋል፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ በቀጥታ ሊያገኘው ግን አይገባም። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ከቆላው ይልቅ ትፋጃለች። የምሥራቅ መስኮት፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚገባበት፣ ዓመቱን ሙሉ ይሆናል።

የሰሜንና የደቡብ መስኮት ነገር ግን ከወቅቱ ጋር ይቀያየራል፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይልም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ ናት። ስለዚህ በግንቦት ሰሜን መስኮት ላይ የተቀመጠ ቁራጭ ሊቃጠል ይችላል፤ በጥር ደግሞ ያው መስኮት ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። በበጋ ደቡብ መስኮት ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ ማድረግ ይበቃል። ሥር የሚያወጣው ቁራጭ ሙቀቱን በደቡብ መስኮት ስለሚያገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ይህን ቦታ እመርጣለሁ።

ቀጥታ በአፈር

አይቪና ሆያ፣ እንዲሁም ለማዛወር ጊዜ የሌለው ሰው የሚያራባቸው ሌሎቹም፣ ቀጥታ አፈር ውስጥ ቢገቡ ይሻላል። አፈሩ ግን ከጓሮ እንደተዛቀ መሆን የለበትም። በምሥራቅና በደቡብ ዳርቻ የሚበዛው ጥቁር መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ አየር አያስገባም፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ የበቀለውን ለጋ ሥር ይበጥሳል። ወደ እንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር ይሻላል፤ ብቻውን ግን እሱም ይጠብቃል። ከባሕር ዛፍ ሥር የሚጠረገውን አፈርና ቅጠልም ይተዉት፤ ባሕር ዛፍ ሌላውን ተክል የሚያቀጭጭ ቅባት አለው።

መልካሙ ነገር፣ ለግንባታ ከሚራገፈው ሬድ አሽ፣ ማለትም ከቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ የተሻለ የሥር ማስወጫ እምብዛም አይገኝም። ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ውሃም አየርም ይይዛል። በወንፊት ነፍተው የሽምብራ ፍሬ የሚያህለውንና ከዚያ የሚያንሰውን ያስቀሩ፤ ድቃቂውን ዱቄት አጥበው ይድፉት። ሁለት እጅ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፣ ከተገኘም ግማሽ እጅ የተፈጨ ከሰል ይቀላቅሉ። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የቡና አተላ ደግሞ በእርጥብና በቀዝቃዛ አፈር ላይ ይሻግታል፤ ለትልቁ ተክል ያቆዩት።

ድብልቁን ባልዲ ውስጥ አድርገው የፈላ ውሃ ያፍሱበት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢሆንም፣ የትንኝ እጭንና አብዛኛውን ሻጋታ ለመግደል ይበቃል። ሲቀዘቅዝና ሲጠፈፍ ወደ ትንሽ ዕቃ ይሙሉት። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የእርጎ ኩባያ ይበቃል፤ ትልቅ ዕቃ ብዙ ውሃ ስለሚይዝ ይበርዳል፣ ይበሰብሳል። በእርሳስ ጫፍ ቀዳዳ አበጅተው አንጓው እስኪሸፈን ቁራጩን ያስገቡ፤ ዙሪያውን በጣት ጫን ጫን ያድርጉት።

በበጋ ደረቅ አየር ላይ ክዳን ያስፈልገዋል። የባለ 2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ታችኛውን ግማሽ ቆርጠው ያስወግዱና የላይኛውን ይድፉበት፤ ቡሽ ያለበትን ጫፍ ቀን ቀን ይክፈቱ፣ ማታ ይዝጉ። በክረምት ክዳኑን ይተዉት፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። አፈሩን በጣት ፈትሸው ላዩ ሲደርቅ ብቻ ለብ ያለ ውሃ ይስጡት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁራጩን ቀስ ብለው ሳብ ያድርጉት፤ እንቢ ካለ ሥር ይዟል።

ከውሃ ወደ አፈር ማዛወር

ሥሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስና ጎን ለጎን ትንንሽ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ጊዜው ነው። በጣም አምሮ ብርጭቆውን እስኪሞላ መጠበቅ ያጓጓል፤ ግን ውሃ ውስጥ የበቀለ ሥር አሠራሩ ከአፈር ሥር ይለያል፣ ሲረዝምም ይሰባበራል፤ ባረጀ መጠን አፈር መልመድ ይከብደዋል። ማለዳ ሳይሆን ክፍሉ ከሞቀ በኋላ፣ ረፋዱ ላይ ያዛውሩት። ከላይ የተገለጸውን ድብልቅ ይጠቀሙ፤ ብስባሹን ግን እኩል ለእኩል ማድረግ ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት አፈሩ ሳይጨቀይ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ ከዚያ እየቀነሱ ወደ ተለመደው ውሃ አሰጣጥ ይምጡ። ሁለት ሦስት ቀን ቢጠወልግ አይደንግጡ፣ ውሃም አይደራርቡበት።

አንድ ቁራጭ በአንድ ማሰሮ መትከል የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ውጤቱም አንድ ረጅም ክር ብቻ ይሆናል። አፉ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማሰሮ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ቁራጭ ዙሪያውን ይትከሉ። የተንዠረገገ ተክል የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ሜትር የሆነ የፖቶስ ሐረግ ለአንድ ማሰሮ የሚበቃ ቁራጭ ይሰጣል። አዲሶቹ ሐረጎች አንድ ስንዝር ሲያልፉ ጫፋቸውን ይቅጠፉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሆኖ ይወጣል። ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል ሁለት ሦስት እስኪዘረጋ አያስፈልግም፤ ከዚያም በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው በግማሽ ያቅጥኑት።

ሲበላሽ

ታችኛው ጫፍ ጠቁሮ ከላመ፣ ጤነኛው አረንጓዴ ክፍል እስኪታይ ድረስ ከላይ ይቁረጡት፤ ከቀረው ግንድ ላይ አንድ አንጓ ካለ ተስፋ አለ። ዕቃውን በበረኪና ጠብታ አጥበው በአዲስ ውሃ ይጀምሩ፣ ቦታውንም ወደ ሙቀት ያዛውሩ። የታችኛው ቅጠል ብቻ ቢጫ ከሆነ ይቀንጥሱትና ይተዉት፤ ቁራጩ ስንቁን እየተጠቀመ ነው። ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ ደረቅ ጠባሳ ከወጣ ፀሐይ ነው። አፈር ላይ ትንንሽ ትንኞች ከበዙ ውሃው በዝቷል።

ለየት የሚሉት

ድቡልቡል ቅጠሎቹ አተር የሚያካክሉት ሴኔሲዮ በዚህ ሁሉ አይመራም። ቁራጩን ሁለት ቀን አድርቀው ሬድ አሽ የበዛበት አፈር ላይ ያስተኙት፤ አይቅበሩት። ሥሩ መሬት ከነካው አንጓ ይወጣል። ብዙ ውሃ ይገድለዋል፤ ስለዚህ በክረምት ባይሞከር ይመረጣል።

ሆያ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ በለብ ውሃ ያለቅልቁትና ቁስሉ ሲደርቅ ይትከሉት። ሥር ለመያዝ ከአንድ ወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። የአበባውን አጭር ዘንግ አይቁረጡ፤ በሚቀጥለው ጊዜም የሚያብበው ከዚያው ላይ ነው።

ክሎሮፊተም፣ ማለትም ረጅም ቀጭን ቅጠል ያለውና ልጆቹን በክር ላይ የሚያንጠለጥለው፣ ተፈጥሯዊ መገኛው ኢትዮጵያን ጨምሮ አፍሪካ ነው፤ ቅዝቃዜንም ከፖቶስ በተሻለ ይችላል። ለእሱ ግንድ መቁረጥ አያስፈልግም። የተንጠለጠለው ልጅ ከሥሩ ትንንሽ ነጭ ጉብታ ካወጣ፣ ከእናቱ ሳይለዩት አጠገብ ባለ ኩባያ አፈር ላይ ያስቀምጡትና በሽቦ ቁራጭ ጫን ያድርጉት። ሥር ሲይዝ ክሩን ይቁረጡ። ብርድ በጠናበት በታኅሣሥ እንኳ ሊሞከር የሚችለው እሱ ነው።